የኡርዚቼኒ ዋንጫ፦ የ2008/09 (እ.ኤ.አ.) የሩማኒያ ሊግ

ጥያቄ፦ ያኔ አሥራ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት የነበረችው የኡርዚቼኒ ከተማ የቡካሬስቶቹን ታላላቅ ክለቦች እነስቴዋንና እነዲናሞን ጥላ ዋንጫ ማንሳቷ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል። የዕድል ነገር ነበር?

መልስ፦ ምን ዕድል አለው! የከተማዋ ክለብ ኡኒሬያ ወደ ዋናው ሊግ ያደገው በ2006 ነው። አሰልጣኙ፣ የቀድሞው የቼልሲ ተከላካይ ዳን ፔትሬስኩ፣ ኮከብ ሳይሰበስብ በሥርዓት የሚከላከል ቡድን ሠራ። እኔ እንዲህ ያለ እግር ኳስ እወዳለሁ፤ ሌላው ይሰለቸው ይሆናል።

ሌላ መልስ፦ የተጠራጠረ በ2009 በሻምፒዮንስ ሊግ የስኮትላንዱን ሬንጀርስን በግላስጎው 4 ለ 1 ያሸነፉበትን ጨዋታ ይመልከት። የሜዳቸውን ጨዋታ ግን ቡካሬስት፣ በስቴዋ ስታዲየም ነበር የሚያደርጉት።

ጠያቂው፦ ታዲያ ዛሬ የት አሉ?

መልስ፦ ፔትሬስኩ በ2009 መጨረሻ ወደ ሩሲያ ሄደ፣ ተጫዋቾቹ ተሸጡ፣ ክለቡ በ2011 ፈረሰ።