የሰፈር ማህበሩ የጣለብኝ ቅጣት ሕጋዊ ነው እንዴ?

ሰላም ወገኖች፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ያላችሁ ወይ ሕጉን የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። የታውንሃውስ ሰፈራችን ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማህበር) 150 ዶላር ቀጥቶኛል። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? እማዬ የአገር ቤት ቻናል እንድታይ ብዬ የኋላ በረንዳዬ ላይ ያሰቀልኳት ዲሽ! 75 ሳንቲሜትር ናት፣ ከመንገድ እንኳ አትታይም።

ደብዳቤው በተራ ፖስታ ነው የመጣው። "የውጭ ገጽታ የሚያበላሽ" ይላል፣ ከሥሩ የመክፈያው ቀን በደማቁ ተጽፏል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቀርበህ አስረዳ ያለኝ የለ።

እኔ እንዳነበብኩት የቨርጂኒያ ሕግ ማህበሩ እንዲቀጣ የሚፈቅደው መተዳደሪያው ወይ ደንቡ በግልጽ ካስቀመጠው ነው። መጀመሪያ እንዳስተካክል ጊዜ ሊሰጠኝ፣ ከዚያ ቀርቤ የምናገርበትን ቀን ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ በእጅ ወይ በአደራ ደብዳቤ ሊያሳውቀኝ ይገባል። የቅጣቱ ጣሪያም ለአንድ ጥፋት 50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት ደግሞ በቀን 10 ዶላር ሆኖ ከ90 ቀን አያልፍም። ታዲያ 150 ከየት መጣ? በዚያ ላይ የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ደንብ በራስህ ይዞታ ላይ የተሰቀለ፣ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ዲሽ እንዳይከለከል ይጠብቃል፣ በረንዳው ደግሞ የራሴ ነው።

ጥያቄዬ፦ ሳልከፍል በጽሑፍ ብቃወም ቤቱ ላይ እዳ ያስመዘግቡብኛል? ለስቴቱ የማህበራት እንባ ጠባቂ ከማመልከቴ በፊት የማህበሩን የአቤቱታ ሂደት መጨረስ አለብኝ ተብያለሁ፣ ያለፈበት ሰው ካለ ደብዳቤው ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ይንገረኝ። ጠበቃ ልያዝ ብል የሰዓት ክፍያው ከቅጣቱ ይበልጣል።