ዳማከሴው ክብ ሠራ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ግን ዜሮ። ምን አጠፋሁ?

ተመራቂው፦
ሰላም ወገን። ለመመረቂያ ጽሑፌ ዳማከሴና ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያ ላይ እየሞከርኩ ነው። ዳማከሴውን ከአያቴ ጓሮ ቀጠፍኩ። ጥላ ላይ አደረቅኩት፣ ፈጨሁት፣ ሦስት ቀን ኢታኖል ውስጥ ዘፍዝፌ አጠለልኩት። ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር የወረቀት ዲስክ ነክሬ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ የተቀባ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት እንደ ጄሊ ያለ ነገር) ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ኢንኩቤተሩን ስከፍት ዳማከሴው ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ 13 ሚሊ ሜትር ክብ! ለአያቴ ደወልኩላት። «ይኼን ለማወቅ ነው አራት ዓመት የተማርከው?» አለችኝ።

የተማመንኩበት ነጭ ሽንኩርት ግን ምንም። ሽታው እንዳያስቸግር ድፍኑን ቀቅዬው ነበር። እሱ ይሆን?

የላብ ሰው፦
አዎ፣ ሽንኩርቱን የገደልከው አንተ ነህ። ባክቴሪያ የሚገድለው አሊሲን ሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅህም። ሲወቀጥ ነው አንድ ኢንዛይም የሚሠራው፣ ኢንዛይሙ ደግሞ እሳት አይችልም። ጥሬውን ወቅጠህ አሥር ደቂቃ አቆየውና ጭማቂውን ሞክር።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ዳማከሴው ነው። ኢታኖል ብቻ የተነከረ ዲስክ አስቀምጠሃል? ዲስኩስ ደርቆ ነበር? እርጥቡን ካስቀመጥከው አልኮሉ ራሱ ይገድላል። ያ 13 ሚሊ ሜትር የማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ጀንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ያለበት አንድ ዲስክም ጨምር። እሱም ክብ ካልሠራ ችግሩ ከፕሌትህ (አጋሩ ካለበት ሳህን) ነው።

ነርሷ፦
አያትህ ዳማከሴ የሚጨምቁት ለምች ነው አይደል? ብዙ ሰው ምች የሚለው ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ነው። እሱ የሚመጣው ከቫይረስ ነው፣ አንተ የዘራኸው ባክቴሪያ። ክቡ ቢወጣም ባይወጣም ስለ ምቹ የሚነግርህ የለም። ጽሑፍህ ላይ እንዳትደባልቀው።

የላብ ሰው፦
ነርሷ ልክ ናት። የሁለቱን ክብ ስፋት አወዳድረህ «ይኼኛው ይበልጣል» እንዳትልም። አጋሩ ውኃማ ነው። ቅባት ያለው ነገር ውስጡ እንደ ልብ አይሰራጭም።

ተመራቂው፦
ደገምኩት። እርጥብ የኢታኖል ዲስክ ብቻውን 9 ሚሊ ሜትር ሠራ፣ አፈርኩ። ሲደርቅ ምንም የለውም። ዳማከሴው ደርቆ 8 ሆነ፣ ዲስኩን ጨምሮ። ጥሬው ሽንኩርት 24! ላቡ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ብሏል፣ ጓደኞቼ አኩርፈውኛል። ለአያቴ ገና አልደወልኩም።