ሁለት ሺህ ተማሪ፣ ሰማንያ ፉትቦል ተጫዋች

የሞንክተኑ፦
ቅዳሜ ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንጨርሰው፤ እዚያማ ልጆቹ አላስወሩንም። ላልነበራችሁ፦ ካናዳ፣ ኒው ብራንስዊክ ውስጥ ከሞንክተን የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ሄዳችሁ ሳክቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ያለው ማውንት አሊሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከሁለት ሺህ ብዙም አይበልጥም። ግን ፉትቦል አለው (በእጅ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው)፣ እግር ኳስ አለው፣ የሴቶች ሆኪ አለው፣ ዋና አለው። ፌዴራል መንግሥቱ በጃንዩዋሪ 2024 (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቁጠሩልኝ) የውጭ ተማሪ ፈቃድ ላይ ገደብ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ አጠረን እያሉ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የውድድር ቡድን ይያዝ ወይስ ይቅርበት? እኔ ይያዝ ባይ ነኝ። ኖቫ ስኮሻ ያለችውን አንቲጎኒሽን ያየ ያውቀዋል፤ አምስት ሺህ ሰው በማይሞላበት ከተማ የሴንት ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ያለ ቀን ከተማው ሁሉ እዚያ ነው።

የቀድሞዋ ተማሪ፦
እኔ «ይቅር» ባይ ነኝ፤ ይቅርታ የማደርግ ግን አይምሰላችሁ። በኢንተርናሽናል ተማሪነት ነው የመጣሁት፤ የት እንደሆነ ይቆየን። የመጀመሪያውን ቢል ስከፍት ከትምህርት ክፍያው ሥር «አትሌቲክስ» የምትል መስመር አለች። በየሴሚስተሩ ሳልጠየቅ ትቆረጣለች። እኔ ዶናት ቤት የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ጠዋት ክፍል ውስጥ የማንቀላፋ ሰው፣ የምን አትሌቲክስ? አንድ ጊዜ ብቻ ጓደኛዬ ጎትታኝ ባስኬት ለማየት ሄድኩ። በር ላይ ካርዴን ሳሳይ ልጁ ፈገግ ብሎ «ለተማሪ በነፃ ነው» አለኝ። በነፃ! ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍዬ ከፍዬ። ከጨዋታው በኋላ በረዶ ላይ ቆሜ የከተማ አውቶቡስ ስጠብቅ የተጫዋቾቹ አውቶቡስ ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አለፈኝ።

ጋሼ ከሃሊፋክስ፦
አይዞሽ ልጄ፣ ያ ክረምት ሁላችንንም አሳይቶናል። የኔ ልጅ ግን ከነዚህ ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ አገር አቋራጭ ትሮጣለች። መጀመሪያ ሲነግሩኝ «ሩጫማ አገር ቤትም ነበር፣ እዚህ የመጣነው ለትምህርት ነው» ብዬ ተቆጥቻለሁ። አሁን አፌን ይዣለሁ። ንጋት 12 ሰዓት ልምምድ ያለው ልጅ ማታ ሲዞር አያመሽም። ደንቡም በዓመት 18 ክሬዲት ያላለፈ አይሰለፍም ይላል። ወጪዋ ምንድን ነው? ጫማና የአውቶቡስ ወንበር።

የሒሳብ ሰው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለሩጫ ይሠራል። ገንዘቡ ያለው ግን ፉትቦል ላይ ስለሆነ እሱን እንየው። ካናዳ እንደ አሜሪካ አይደለም፤ በዩ ስፖርትስ (የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን በሚመራው የአገሪቱ ማኅበር) ደንብ ለተጫዋች የሚሰጠው የስፖርት ድጎማ ከትምህርት ክፍያና ከግዴታ ክፍያዎች በላይ አይሄድም። ብዙው ተጫዋች ደግሞ ሙሉውን አያገኝም። ስለዚህ ሰማንያ ልጅ ፉትቦል ሊጫወት ሲመጣ አብዛኛው ከፋይ ነው። በነፍስ ወከፍ 10 ሺህ ዶላር እንበል፣ 800 ሺህ ሆነ። ግማሹ በድጎማ ይመለስ፤ 400 ሺህ ይቀራል፣ ዶርሙና የካፌው ምግብ ሳይገባ። የኦንታሪዮ ልጅ ደጁ ላይ ስንት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ እያለለት ሳክቪል ድረስ ምን ያመጣዋል? አሠልጣኙ ቤቱ ድረስ ደውሎ «ትሰለፋለህ» ስላለው ነው። እዚያ አሠልጣኝ ማለት የምዝገባ ክፍል ሠራተኛ ማለት ነው፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ።

የቀድሞዋ ተማሪ፦
ወጪውስ? አሠልጣኙ በነፃ ነው የሚሠራው? ሄልሜቱ፣ ሆቴሉ፣ የጉልበት ሐኪሙ?

የሒሳብ ሰው፦
እሱን አላሰላሁም።

የቀድሞዋ ተማሪ፦
አየህ! ገቢውን በሰማንያ አባዝተህ ወጪውን ዋጥከው። የእኛም ዩኒቨርሲቲ ልክ እንዳንተ ነበር የሚያሰላው።

የሌዝብሪጁ፦
ከአልበርታ አንድ ልጨምር። ሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በኤፕሪል 2020 የወንዶችንም የሴቶችንም ሆኪ በአንድ ቀን ዘጋ። የወንዶቹ በ1994 የአገር ሻምፒዮን የነበረ ቡድን ነው። ብዙ ተለቀሰ፤ ሰማይ ግን አልተደፋም፣ ሌሎቹ ቡድኖች ቀጥለዋል።

የሞንክተኑ፦
ወንድሜ፣ ሌዝብሪጅ መቶ ሺህ ሰው ያለበት ከተማ ነው፤ ሆኪ ካማራችሁ ሃሪኬንስ የሚባለው የከተማው ጁኒየር ቡድን አለላችሁ። ከሳክቪል ፉትቦሉን ብታነሳ ምን ይተካዋል? ዳክዬ ማየት? (ለነገሩ የወፍ መናፈሻቸው ያምራል።)

ከፍሬድሪክተን፦
ሁላችሁም «ይዘጋ፣ አይዘጋ» ትላላችሁ። ማን ቀድሞ እንደሚዘጋ የጠየቀ የለም። ኒው ብራንስዊክ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የሴቶችን ሆኪ ከቫርሲቲ (ከዩኒቨርሲቲው ዋና የውድድር ቡድንነት) ወደ ክለብ አወረደ፤ የወንዶቹን አልነካም። ክለብ ስትሆኚ የአገር ሻምፒዮና የለም፣ ገንዘቡንም ራስሽ ነሽ የምታዋጪው። አንዲት የቡድኑ ተጫዋች የሰብአዊ መብት አቤቱታ አቀረበች። ነገሩ ተጎትቶ ተጎትቶ ቡድኑ ወደ ቫርሲቲ የተመለሰው በ2018 ነው። አሥር ዓመት! አቤት ያለችው ልጅ ተመርቃ ሄዳለች። የወንዶቹ ደግሞ በ2023-24 43 ተጫውቶ 43ቱንም አሸነፈ፤ እኔም አደባባይ ወጥቼ ጨፍሬያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያ ሁሉ ድል ሴቶቹ ሲወርዱ ባልተነካ በጀት ላይ የቆመ ነው።

የሒሳብ ሰው፦
ይሄ ልክ ነሽ፣ አልከራከርሽም። የወንዶቹ ሆኪ ግን አንድ ልዩ ነገር አለው። ከጁኒየር (ከወጣቶች) ሆኪ ሊጎቹ የሚመጡት ልጆች ለተጫወቱበት ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት የአንድ ዓመት ትምህርት ክፍያ ሊጉ ይሸፍንላቸዋል። ዩኒቨርሲቲው ኪሱን ሳይነካ ጥሩ ተጫዋች ያገኝ ነበር። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ግን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለነዚሁ ልጆች በሩን ከፍተዋል፤ ምርጦቹ ወደ ደቡብ መሄዳቸው አይቀርም።

የሌዝብሪጁ፦
የመንገዱንስ ነገር? የኩቤኩ ቢሾፕስ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እንደ ላቫል ያሉትን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስላልቻለ በ2017 ፉትቦሉን ወደ አትላንቲክ ሊግ አዛወረ። አሁን አንቲጎኒሽ ሄዶ አንድ ጨዋታ ለመጫወት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ኬፕ ብሬተን ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከሲድኒ (ከኖቫ ስኮሻዋ) ፍሬድሪክተን ለመድረስም ከ600 በላይ ነው። ናፍጣውን ማን ይከፍላል?

የሞንክተኑ፦
ኬፕ ብሬተንን ካነሳህማ በ2017 በእግር ኳስ የአገር ዋንጫ የወሰዱት እነሱ ናቸው! ያን 600 ኪሎ ሜትር እየተመላለሱ።

እሺ፣ አንድ ነገር ላምን። ቅዳሜ ስከራከር «ቡድን ራሱን ይችላል» ብዬ ነበር። ያን አንስቻለሁ፤ ራሱን የሚችል ቢሆን ኖሮ ከሌሊት ሠራተኛዋ ቢል ላይ መስመር ባላስፈለገው። ይቆይ የምለው አሁንም ነው። ግን ያች «አትሌቲክስ» የምትል መስመር ትተርተር፤ ይሄን ያህሉ ለጂም፣ ይሄን ያህሉ ለፉትቦል፣ ይሄን ያህሉ ለሴቶች ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ ተማሪው ራሱ ድምፅ ይስጥበት።

የቀድሞዋ ተማሪ፦
ድምፅ ከሰጡማ ያልቅለታል፤ ከኔ ጋር ፈረቃ የሚገቡት ልጆች ብቻ ይበቃሉ። ግን ለሩጫው እጄን አላነሳም። ጋሼ ስላሳዘኑኝ ሳይሆን ጫማና ወንበር ከሆነ ወጪው ማን ይጨክናል። ፉትቦሉን በሚመለከት፣ የወጪውን ወረቀት አምጡና እንነጋገር።

ጋሼ ከሃሊፋክስ፦
ቅዳሜ ውድድር አላት። ሜዳ ላይ ነው፣ ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ አድርጊ። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦም ቤት የተጋገረ አለ። ነይ እስቲ አብረን እንያት።

የቀድሞዋ ተማሪ፦
እመጣለሁ ጋሼ። በር ላይ ያለው ልጅ «በነፃ ነው» እንዳይለኝ ብቻ ይንገሩልኝ።