አስቸኳይ! አድሶርፕሽን እና አብሶርፕሽን አንድ ናቸው?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም። ደሴ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ሊዘጉ ነው። ፖስተሬ ላይ «አድሶርፕሽን» ያልኩትን ልጁ ስህተት መስሎት 11ዱንም ቦታ «አብሶርፕሽን» አድርጎ አትሞታል። ጭራሽ «አረምኩልህ» ብሎ ምስጋና ይጠብቃል! ልተወው ወይስ ላሳትም? ብር የለኝም። ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው። የቃሉን አመጣጥም ይጠይቁኛል።

ቦርከና፦ ፖስተሩ ስለምንድን ነው? እሱን ዋጥ አድርገህ ፍረዱ ትላለህ።

አያ ሙሔ፦ ማተሚያ ቤት ከመሄድ በፊት ሦስቴ ማንበብ ነው። ከመታተሙ በፊትም ናሙና ማየት። የዛሬ ልጆች ሁሉን ለመጨረሻ ቀን ታቆያላችሁ።

የጦሳ ልጅ፦ ከሰል ማጣሪያ ነዋ! ቀለም ያለው ውሃ አሳለፍኩበት፣ ጠራ።

የሐይቋ መምህርት፦ አንድ አይደሉም ልጄ። እንጀራ ወጥ ሲመጥ ወጡ ውስጡ ይሰርጋል፤ እሱ አብሶርፕሽን ነው። አድሶርፕሽን ገጽ ላይ መያዝ ነው። ቀለሙ ከሰሉ ላይ ይጣበቃል እንጂ አካሉ ውስጥ አይገባም። ትንሽ ከሰል ብዙ የሚይዘው በቀዳዳዎቹ ነው፤ የቀዳዳው ግድግዳም ገጽ ነው። አክቲቬትድ ካርቦን የሚሉት፣ ቀዳዳው እንዲበዛ ተደርጎ የተዘጋጀ ከሰል፣ 1 ግራሙ ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ሊኖረው ይችላል። ገጹ ሲሞላ ግን ሥራ ያቆማል፣ ይህን ይጠይቁሃል። ቃሉ ከላቲን ነው። «ሶርቤሬ» መምጠጥ፣ «አድ» ወደ፣ «አብ» ከ። «አድሶርፕሽን»ን በ1881 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ላይ ያዋለው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪክ ካይዘር ነው። ቃሉን ያቀበለው ግን የፊዚዮሎጂ ሊቁ ዱ ቧ ሬሞን ነው።

ወይና ደጋ፦ በአማርኛ «ሙጭጭ» ብለህ ገላገል 😂

ሰኞ ገበያ፦ አብሽር። «ብ»ዋ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈህ «ድ» ጻፍ። 11 ቁራጭ ነው፣ ምን አላት።

ቦርከና፦ እኔ ማጣሪያውንም እጠራጠራለሁ። የምድጃ ከሰል ነው? አሸዋና ጥጥስ አለበት? ደለል ከሆነ አሸዋውም ያስቀረዋል። ያለ ከሰል ሞክረሃል?

የጦሳ ልጅ፦ የምድጃ ነው፣ ወቅጬ አጥቤዋለሁ። አሸዋ አለው። ቀለሙ ግን ውሃ ውስጥ የሟሟ ነው እኮ!

የሐይቋ መምህርት፦ የሟሟን ቀለም አሸዋ ብዙም አይዘውም። ቢሆንም ቦርከና እውነቱን ነው። ዛሬ ማታ አሸዋውን ብቻ ሞክርና ሁለቱን ብርጭቆ ይዘህ ሂድ። ከፖስተሩ በላይ ያሳምናል። ደግሞ ውሃው ጠራ ማለት ይጠጣል ማለት አይደለም፣ እንዳትቀምሰው።

ጉርብጥ፦ ተወው ባክህ፣ «ሶርፕሽን» በለው፣ ሁለቱንም ይይዛል።

የሐይቋ መምህርት፦ ቀልደህ ሞተሃል፣ ቃሉ እውነት አለ። ማክቤይን የሚባል ኬሚስት በ1909 እ.ኤ.አ. ነው ያመጣው፣ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ።

አያ ሙሔ፦ ትንሽ ወረቀት ቆርጠህ «ብ»ዋ ላይ ለጥፍ።

ሰኞ ገበያ፦ አያ፣ እሱን እኮ እኔ ብያለሁ!

ወይና ደጋ፦ ወረቀቷም ገጽ ላይ ተለጠፈች፣ አድሶርፕሽን በተግባር!

የሐይቋ መምህርት፦ ኧረ! በሙጫ ሲሆን አድሄዥን ነው። ልጁን ሌላ ቃል አታስጨምሩት።

የጦሳ ልጅ፦ መብራት ጠፋ። ስልኬም 4 በመቶ ነው

ቦርከና፦ (በማግስቱ) እና ሸጋው፣ እንዴት ሆነ? አሸዋው ያዘ?

ሰኞ ገበያ፦ (ከሳምንት በኋላ) ወረቀቷን ለጠፍክ ወይ?