ለበዓል ግብዣ ምን ልከራይ፣ ምን ልግዛ? የኔ ጥቆማ

በዓል በደረሰ ቁጥር «ዘንድሮ እነሱ ቤት ነው» የሚባልልኝ ሰው ነኝ። አንዳንዴ ሃያ ሰው፣ አንዳንዴ ሠላሳ። ካተሪንግም፣ የዕቃ ኪራይም፣ «ሁሉንም ራሴ እወጣዋለሁ» የሚባለውንም ጀብዱ ሞክሬዋለሁ። የትኛው እንደሚያዋጣ ለምትጠይቁኝ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሰው የሚያደክመው ማብሰሉ አይደለም። ማቅረቡና ማጠቡ ነው። አንድ ዓመት ምግቡን በሙሉ ለካተሪንግ ሰጠሁ። በሰዓቱ መጡ፣ ትሪዎቹን ደረደሩ፣ ሄዱ። እኔ በአንድ እጄ ስፖንጅ፣ በሌላው የሰው ብርጭቆ ይዤ፣ የሳሎኑን ሳቅ በግድግዳ እየሰማሁ አመሸሁ። በዓመቱ ነገሩን ገለበጥኩት። ምግቡን ከቤተሰብ ጋር ተከፋፍለን ሠራን፤ ገንዘቡን ለሁለት አስተናጋጆች ከፈልኩ። በገዛ ግብዣዬ ላይ ቁጭ ብዬ የበላሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ከምግቡ በፊት እጅ ቅጠሩ። ካተሪንግ የግድ ከሆነ፣ ያስተናግዳሉ ወይስ አድርሰው ይሄዳሉ ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃው የሚታጠበው በማን ነው? ትኩሱንስ በምን ያቆዩታል? እዚህ ላይ የሚንተባተብ ካለ እለፉት። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 በታች መቆየት አለበት። በመሃል ባለው ሙቀት ባክቴሪያ እንደልቡ ይራባል። ማሞቂያ የሌለው ቡፌ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ 1 ሰዓት ይበቃዋል።

ትልቅ ድስት ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከዋዜማው በደንብ የበሰለ ነገር ምን ይሆናል እንላለን። አንዳንድ ባክቴሪያ ግን ዘሩ ከመፍላት ይተርፋል፤ ድስቱ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ሲያድር እንደገና ይነሳል። የተቀቀለ ሩዝም ይኸው ጣጣ አለበት። ምግቡን ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች አከፋፍላችሁ ፍሪጅ ክተቱት። ስታሞቁት መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስ።

ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር ግዙ። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ በጨረር ከሩቅ የሚለካ፣ ሌላው ምግቡ ውስጥ የሚወጋ። የጨረሩ ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል፤ ግን የሚነግራችሁ የላይኛውን ሙቀት ብቻ ነው። የሚወጋውን ውሰዱ።

ዕቃ ላይ ብዙ አልከራከርም። ሳህን የሚጣል፣ ግን ወፍራሙ ይሁን፤ ስሱ መረቅ ሲነካው ይታጠፍና ጭን ላይ ያልቃል። ብርጭቆ ተከራዩ፤ ሳይታጠብ የሚረከብ አከራይ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ስትረከቡ ቆጥራችሁ፣ የተሰነጠቀውን ለይታችሁ ፎቶ አንሱ። ታጣፊ ወንበር ቦታ ይቆጥባል፤ ልጅ የሚበዛበት ቤት ግን ጣት ይቆነጥጣልና ተደራራቢውን የፕላስቲክ እመርጣለሁ።

አሁን ወደሚያስፈራው። አንድ በዓል ላይ የውሃ ማፍያውንና የክፍል ማሞቂያውን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቼ ነበር። ምንጣፉ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ስነካው እጄን ሊያቃጥለኝ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ግድግዳው ላይ፣ ለየብቻ ነው የሚሰኩት። ዲቫይደር ለመብራትና ለስልክ ይሁን። ሽቦውንም ምንጣፍ ስር አትደብቁት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሻማ ለምትወዱ፣ በባትሪ የሚበራው አሁን ከእውነተኛው ብዙም አይለይም። ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ የሚወስደው ግን የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ይሁን። ሕፃን ያንን ባትሪ ከዋጠው ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ነው። እውነተኛውን ካበራችሁ ከመጋረጃ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ።

እሳት ማጥፊያ ስትገዙ የዱቄቱ ዓይነት ለቤት ብዙውን ይሸፍናል፤ የግፊት መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዩ። መጥበሻ ላይ ዘይት ከተቀጣጠለ ግን ምድጃውን አጥፉና በክዳን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። ውሃ በጭራሽ! የሚነደውን ዘይት አንስቶ ይረጨዋል። ከሰል ደግሞ፣ ቢበርድም ባይበርድም፣ ቤት ውስጥ አይግባ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጠቋሚው መሣሪያ ከተገኘ ከጌጣጌጡ በፊት እሱን ግዙ።

መጠጥ ካለ፣ እንግዶቹን የሚመልሳቸውን መኪና ገና ሳይጠጡ ቅጠሩ። ቡና ሰውን ያነቃዋል እንጂ ስካሩን አያወርደውም።

በመጨረሻ ክዳን ያላቸው ርካሽ ዕቃዎች ግዙ፤ የተረፈው ለእንግዳ ይቋጠራል። 2 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የዋለውን ግን ለማንም አልቋጥርም። አክስቴ በየዓመቱ ይቆጡኛል፣ እኔም በየዓመቱ ፊታቸው እደፋዋለሁ።