ከ20 ዓመት በላይ የቆመ ቮልስዋገን፦ የዛገውን ዳዶ ሳልሰብር እንዴት ልፍታው?

የፒያሳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1967 ስሪት ቮልስዋገን 1300 አለው። ሠራተኛ ሰፈር ባለው ግቢያችን፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ ዳሩ በተበሳ ቆርቆሮ ሥር ከ20 ዓመት በላይ ቆሟል። የክረምቱ ጠብታ በየዓመቱ የሚያርፈው በግራው የኋላ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ላይ ስለነበር ዝገቱም በዚያ በኩል ይብሳል። አባቴ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ መንዳት አይችልም። እኔ እየነዳሁ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለጥምቀት ጃን ሜዳ ላደርሰው ቃል ገብቼለታለሁ።

ሦስት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ከፓራፋንጎው ብሎኖች የሁለቱ ጭንቅላት ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የያዙት ዳዶዎች ማዕዘናቸው ተበልቶ አልቋል፤ ጣቴን ሳዞርባቸው እንደ ሳንቲም ጠርዝ ክብ ናቸው። የኋላ ጎማው ትልቁ የ36 ሚሊሜትር ዳዶ ደግሞ መፍቻው ላይ በሁለት እግሬ ቆሜበት ንቅንቅ አላለም። ደብሊው-ዲ 40 ለሦስት ቀን ነፋሁበት። አንድ ባለሙያ አይቶት «ሁሉንም ቆርጠሽ ጣይው» አለኝ፤ እኔ ግን አልቆረጠልኝም። ምን ላድርግ?

ሠላሳ ዓመት በጋራዥ፦

ልጄ፣ የአባትሽን መኪና ለማንሣት መነሣትሽ ደስ ብሎኛል። ለጊዜው ግን መፍቻውን አስቀምጪው።

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ በጥርስና በጥርስ መካከል የነበረችውን ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። በጉልበት ብቻ ስትገጥሚው የሚቀድመው ደካማው ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የብሎኑ አንገት ነው። ስለዚህ ከመንካትሽ በፊት በእያንዳንዱ ላይ ወስኚ፦ ከሁለቱ የትኛው ይጥፋ?

ማርሚታው ላይ መልሱ ግልጽ ነው። ዳዶውን ሶማሌ ተራ በጥቂት ብር ታገኚዋለሽ። ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላሸ ወጪሽም ጭንቀትሽም ይበዛል። ዳዶው ይሙት። መኪናው ሥር ተኝተሽም አትታገዪ፤ ገመዶቹንና የቤንዚን ቱቦውን ከፈታሽ በኋላ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። ሰው ጠርተሽ በክሪክ አውርጂውና ብርሃን ላይ ሥሪ።

ደብሊው-ዲ 40 በዋናነት ርጥበት ለማባረር የተሠራ ነው፤ ሰርጎ መግባት ላይ ደካማ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅዪ። ቶሎ ስለሚለያዩ በተጠቀምሽ ቁጥር ናጪው፤ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ጠብ አድርጊበት። በዚያ ሰሞን እሳት አጠገቡ አይድረስ፤ አሴቶን እንደ ቤንዚን ነው።

ከዚያ ዘይቱ በደንብ ተጠርጎና ነፍሶ ሲያበቃ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ጧፍ ነው። ዳዶውን ብቻ በጋዝ እሳት አሙቂው፤ እሳቱን አርቂና ጧፉን ጥርሱ ከሚታይበት ጫፍ ላይ አስነኪው። ሰሙ ይቀልጥና አንድ አፍታ እንደ ዕንባ ይቆማል፤ ከዚያ ዓይንሽ እያየ ወደ ውስጥ ይጠጣል። ሲጠጣ ካየሽ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ትንሽ ሲበርድ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ግፊው፣ ከዚያ መልሺው። ሩብ ዙር ሂጂ፣ ተመለሺ። ከጠበቀብሽ አታስገድጂው፤ ሰም ጨምሪለት።

እሳቱን ግን ዳዶው ላይ ብቻ ያዢው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ እንደ ብረት ቀድሞ አይቀላም፤ አያስጠነቅቅሽም። የሞተሩ አካልና የካምቢዮው ሽፋን ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ናቸው። ማግኒዚየም አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ያባብሰዋል፤ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገብሽ ይኑር።

ባለ ቶርኖ፦

እህቴ፣ ጋሼ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ ስለ ተቆረጡት ሁለት ብሎኖች ልናገር። ቀሪው አካል ወጣ ብሎ የሚታይ ከሆነ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) አታስገቢበት። አዲስ ዳዶ ጫፉ ላይ አስቀምጠሽ በውስጡ በኩል አስበይጂው። ብየዳው መያዣ ከመስጠቱም በላይ ሙቀቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሚወጡት። ከብየዳው በፊት ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ አውጪ።

ከገጹ እኩል ከተቆረጠ ግን መሐሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጊ፤ በቀጭን ፑንታ ጀምሪና እስከ 6.8 ሚሊሜትር አስፊው፤ ከዚያ ጥርሱ በ8 ሚሊሜትር የጥርስ ማውጫ ይታደሳል። መሐሉን ከሳትሽ ፑንታው ወደ ለስላሳው ጎን ይሸሻል። እጅሽ የማይረጋ ከመሰለሽ ለሚያውቅ ሰው ስጪ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ካዛንቺስ፦

የ36ቱን ዳዶ በሒሳብ እንየው። ፋብሪካው የሚያጠብቀው ወደ 30 ኪሎ ግራም-ሜትር ነው። ክብደትሽ 55 ኪሎ፣ የመፍቻሽ ክንድ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ብትቆሚበት 22 ብቻ ይደርሳል፤ ዝገት ባይኖረውም አይፈታም ነበር። ክንዱ ላይ ሜትር ተኩል የብረት ቱቦ ብታስገቢ ከ80 ያልፋል። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘውን ሽቦ) መጀመሪያ አውጪ። ጎማው መሬት እንደረገጠ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ከፊት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ገብቶ ይሁን፤ በክሪክ አንሥተሽ በፍጹም አትሞክሪው። ቡሶላው (ዳዶው ላይ የሚገባው የመፍቻው ራስ) ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ ዐሥራ ሁለቱ ማዕዘን ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የኋላዎቹ ሁለቱም እንደተለመደው ነው የሚፈቱት፤ የፊት ግራው ዳዶ ግን ጥርሱ ግልባጭ ነው። ብዙ ሰው እሱን ሳያውቅ እያጠበቀ ይሰብረዋል።

የፒያሳዋ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ከማርሚታው ስምንት ዳዶዎች ስድስቱ በጧፍ ወጡ። ሰሙ እንዳሉት አንድ አፍታ ቆሞ ሲሰርግ አየሁት፤ አባቴንም ጠርቼ አሳየሁት፣ ዓይኑ ባይለየውም ሽታውን አወቀው። ሁለቱን በመሮ ሰንጥቄ አወጣኋቸው፤ የቴስታታው ጥርስ አልተነካም።

የፓራፋንጎው አንደኛው ብሎን ዳዶ ተበይዶበት ወጣ። ሁለተኛው ከገጹ እኩል ስለነበረ ቶርኖ ቤት አሠራሁት።

የ36ቱ የግራው ዳዶ ሲለቅ የሰጠው ድምፅ እንደ ጥይት ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ «የግራው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የፊት ግራውን ጀመርኩ። የፍጥነት መለኪያውን ገመድ የያዘችውን ትንሿን ኮፒሊያ አውጥቼ፣ ክዳኑን አንሥቼ፣ ዳዶውን በሰዓት አቅጣጫ ገፋሁት። ተፈታ።