እግሮቹን አውርዶ የተቀመጠው የናስ ምስል የማን ነው? (ከድሬዳዋ የቀረበ ጥያቄ)

ጠያቂ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። በቤታችን ሁለት የናስ ምስሎች አሉ። የመጀመሪያው ሐረር ጁገል ውስጥ ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተገዛ ሲሆን ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ዘውድ የደፋና ጌጥ ያጠለቀ ወጣት በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ታች አውርዷል፤ እጆቹ ከደረቱ ፊት ተገናኝተዋል፤ በዘውዱ መካከልም ጉልላት የመሰለ ትንሽ ነገር ይታያል። ሁለተኛውን በአዲሱ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ቻይናዊ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ለባለቤቴ በስጦታ ሰጥቶት ነው፤ እርሱም ራሱን የተላጨ፣ ሆዱ የተገለጠ፣ ከረጢት የያዘና በሙሉ ፊቱ የሚስቅ ወፍራም ሰው ነው። ሁለቱን ያየ አንድ እንግዳ፣ «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ወደፊት ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ቡድሃ ነው» አለኝ።

በመልክ ይህን ያህል የሚራራቁ ምስሎች እንዴት የአንድ አካል ሊሆኑ እንደሚችሉ ብታስረዱኝ እወዳለሁ። የታሪክ መምህርት በመሆኔ ይህ የመጠበቅ እምነት ምን ዓይነት እንደሆነ በትክክል ለማወቅም እፈልጋለሁ። በመጨረሻም የሐረሩ ምስል በጣም ስለጠቆረ በሎሚና በአመድ ላጸዳው አስቤ ነበርና የብረታ ብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

የጁገል ነዋሪ፣ ሐረር

እህቴ፣ እንግዳዎ የነገሩዎት በመሠረቱ ትክክል ነው። የሚጠበቀው ቡድሃ በሳንስክሪት ማይትሬያ፣ በፓሊ (በሌላው ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ) ሜቴያ፣ በቲቤት ጃምፓ፣ በቻይና ሚሌ፣ በጃፓን ደግሞ ሚሮኩ ይባላል። የጁገሉን ምስል የማይትሬያ ነው ለማለት የሚያስችሉት ምልክቶች እርስዎ ራስዎ በሚገባ የገለጿቸው ናቸው። አብዛኞቹ የቡድሃ ምስሎች እግራቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እርሱ ብዙ ጊዜ እንደ ንጉሥ በዙፋን ላይ እግሮቹን አውርዶ ይቀመጣል፤ ይህንንም ለመነሣትና ለመምጣት የተዘጋጀ መሆኑን ያመለክታል ብለው የሚተረጉሙት አሉ። ከደረት ፊት የተገናኙት እጆች የማስተማር ምልክት ናቸው። በዘውዱ ላይ ያለው ጉልላት ስቱፓ ሲሆን፣ ይህም የቅዱሳን ዐፅም የሚቀመጥበት ሕንፃ ትንሽ አምሳያ ነው። ከትከሻው አጠገብ አበባ፣ በአበባውም ላይ የውኃ ማሰሮ ካገኙ ማስረጃው ይበልጥ ይጠናከራል።

ይሁን እንጂ አቀማመጡን ብቻ አይተው እንዳይወስኑ አደራ እላለሁ፤ ታሪካዊው ቡድሃ ሻክያሙኒ ራሱም እግሩን አውርዶ የተቀረጸባቸው ምስሎች አሉና። ዘውዱን በማጉያ መነጽር ቢመለከቱት ይበጃል። ጉልላት የመሰለዎት ነገር የተቀመጠ ትንሽ ሰው ሆኖ ከተገኘ ምስሉ የማይትሬያ ሳይሆን የርኅራኄው ቦዲሳትቫ (ማለት ቡድሃ ለመሆን በመንገድ ላይ ያለ ቅዱስ አካል) የአቫሎኪቴሽቫራ ይሆናል። ሁለቱ ወጣቶች፣ ዘውዳሞችና ባለጌጦች በመሆናቸው ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳትባቸዋል።

የማይትሬያ ምስል እጅግ ጥንታዊ ነው። በዛሬዎቹ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን በሚገኘው በጋንዳራ ምድር፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ፣ ፀጉሩን በቋጠሮ ያሰረ፣ ጢም ያለውና በግራ እጁ የውኃ ማሰሮ የያዘ መስፍን ሆኖ ይቀረጽ ነበር። የዚያ ምድር ገዢ የነበረው ንጉሥ ካኒሽካም የማይትሬያን ስምና ምስል በመዳብ ገንዘቡ ላይ አስቀርጿል። በቻይና በሰሜናዊው ዌይ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ486 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተሠራውና ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው በወርቅ የተለበጠ የማይትሬያ ምስል ቁመቱ 140 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ቆሞ ነው የሚታየው፤ ዘውድም ጌጥም የለውም፣ ምክንያቱም ቡድሃ ከሆነ በኋላ የሚኖረውን መልክ ያሳያል። እንግዲህ አንዱ ማይትሬያ ገና በሚጠብቅበት ጊዜ እንደ መስፍን፣ በመጣ ጊዜ ደግሞ እንደ መነኩሴ ይቀረጻል ማለት ነው።

የሚስቀው ወፍራም ሰው የራሱ ታሪክ አለው። በ10ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቻይና በዛሬው የጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ከረጢት ተሸክሞ የሚዞር አንድ መነኩሴ እንደነበረ ይነገራል፤ ከዚሁ ከረጢት የተነሣ ቡዳይ ብለው ጠሩት። ትውፊቱ እንደሚለው ሊሞት ሲል ማይትሬያ በሰዎች መካከል እየተመላለሰ ማንም እንደማያውቀው የሚናገር ግጥም ትቶ አረፈ፤ ሕዝቡም ማይትሬያ ራሱ እርሱ ነበር ብሎ አመነ። ስለዚህ በብዙ የቻይና ቤተ መቅደሶች ከመግቢያው ፊት ለፊት ተቀምጦ ምእመናንን የሚቀበለው ይህ የሚስቀው መልክ ነው። እርስዎ በአንድ ቤት ያኖሯቸው ሁለቱ ምስሎች፣ አንዱ በሰማይ የሚጠብቀውን፣ ሌላው በመንደር ሲዞር ሳይታወቅ የቀረውን ያሳያሉ።

አንድ አንባቢ፣ ድሬዳዋ

በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ አሮጌ የሕንድ ዕቃ ሲገኝ ከቀድሞዎቹ የሕንድ ነጋዴዎች የቀረ ነው የማለት ልማድ አለ። በጁገል የራምቦ ቤት የሚባለውን ሕንፃ የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ መሆኑ ስለሚታወቅ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ነጋዴዎች በአብዛኛው የምዕራብ ሕንድ ሙስሊሞችና ሂንዱዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ የናስ ማይትሬያ ግን የሂማላያ አካባቢ አምልኮ ሥራ ነው። ስለዚህ የምስሉን አመጣጥ ከእነርሱ ጋር ለማያያዝ መቸኮል ተገቢ አይመስለኝም።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መምህርት ስለ መጠበቁ ላነሡት ጥያቄ በተቻለኝ መጠን ለመመለስ እሞክራለሁ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በከተማችን ክርስቲያኑ ዳግም ምጽአትን፣ ሙስሊሙም የነቢዩ ዒሳን መመለስና የቂያማን ቀን ስለሚጠብቁ፣ የቡድሂስቶችንም እምነት ከእነዚህ ጋር ቶሎ ማመሳሰል ይቀናናል። ማይትሬያ ግን ፈጣሪም ፈራጅም አይደለም፤ ከመጣም በኋላ ዓለም አያልቅም። ቡድሂስቶች እንደሚያምኑት ከሻክያሙኒ በፊትም ቡድሃዎች ነበሩ፣ ከእርሱ በኋላም ይነሣሉ። የሻክያሙኒ ትምህርት እንደ ማንኛውም ነገር ጊዜውን ጨርሶ ፈጽሞ ሲረሳ፣ ያንኑ እውነት ያለ አስተማሪ በራሱ ደርሶበት ለሰው የሚገልጥ ሌላ ይመጣል። የእርሱም ትምህርት በተራው ይረሳል።

አሁን ማይትሬያ በቱሺታ ሰማይ ይጠብቃል ይላሉ። በዚያ ሰማይ ዕድሜ 4,000 ዓመት ሲሆን የዚያ አንዲት ቀን የሰው ልጅ 400 ዓመት ነው፤ ዓመቱ በ360 ቀን ሲቆጠር ጠቅላላው 576 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። በምሥራቅ እስያ ደግሞ 5 ቢሊዮን 670 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር የታወቀ ነው።

በእኔ አስተያየት ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የመምጫው ሁኔታ ነው። በፓሊ የተጻፉት ጥንታዊ ድርሳናት እንደሚተርኩት የሰው ልጅ በስርቆት፣ በሐሰትና በግድያ ምክንያት ዕድሜው ከትውልድ ወደ ትውልድ እያጠረ ሄዶ 10 ዓመት ብቻ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ሰዎች ሰባት ቀን ሙሉ እንደ አውሬ ይተራረዳሉ። ጥቂቶች ግን መግደልም መገደልም አንፈልግም ብለው በጫካና በዋሻ ይሸሸጋሉ። ከሰባቱ ቀን በኋላ ወጥተው እርስ በርስ ሲተያዩ ተቃቅፈው በሕይወት በመትረፋቸው ይደሰታሉ፤ ከእንግዲህም ነፍስ ላለማጥፋት ይስማማሉ። በዚህ ምክንያት የልጆቻቸው ዕድሜ 20 ዓመት ይሆናል፤ ምግባራቸው እየተሻሻለ ሲሄድም ዕድሜው እየጨመረ 80,000 ዓመት ይደርሳል። ማይትሬያ የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነው፤ የሕንድ ከተማ በሆነችው በዛሬዋ ቫራናሲ ስፍራ በምትነሣውና ኬቱማቲ በምትባለው ከተማ፣ ሻንካ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ሲነግሥ ይገለጣል። እንግዲህ የሚመጣው ክፋት ጫፍ በደረሰበት ቀን ሊያድን አይደለም፤ ሰዎች ራሳቸው ጠባያቸውን አርመው ዓለምን ካቃኑ በኋላ ነው። እኔ ይህን ሳነብ እጅግ ነክቶኛል፤ ሸክሙን በጠባቂዎቹ ትከሻ ላይ የሚጥል የተስፋ ትምህርት ነውና።

ምስሉን የሚያሠሩት ለምን እንደሆነም ከዚህ ይታያል። በቻይና የጥንት ምስሎች ግርጌ የተጻፉት ጸሎቶች፣ አሠሪው ወይም የሞተበት ዘመዱ ማይትሬያ ቡድሃ በሚሆንበት ዛፍ ሥር በሚያደርጋቸው ሦስት ጉባኤዎች ላይ ተገኝቶ እንዲሰማው ይለምናሉ። የሻክያሙኒ ደቀ መዝሙር የነበረው መሃካሽያፓ የመምህሩን ልብስ ይዞ በተራራ ውስጥ እየጠበቀ እንደሆነና ለማይትሬያ እንደሚያስረክበው የሚነገረው ትውፊትም አለ። በቲቤት ደግሞ ስለ መምህሩ አሳንጋ ይተርካሉ፤ 12 ዓመት ተመስጦ ማይትሬያን ለማየት ሲጥር ቆይቶ ተስፋ ቆርጦ ሲወርድ፣ ቁስሉ የተላ ውሻ በመንገድ አገኘ። ትሎቹን በእጁ እንዳይጨፈልቃቸው በምላሱ ሊያነሣቸው ዐይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ሲል ውሻው ጠፍቶ ማይትሬያ በፊቱ ቆመ። ሁልጊዜም አጠገቡ እንደነበረ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ርኅራኄው ስላልሞላ እንዳላየው ነገረው ይባላል።

አንጥረኛ፣ ድሬዳዋ

እኔ የእምነቱን ነገር ለሚያውቁት ትቼ በእጄ ስለማውቀው እናገራለሁ። ናስ መዳብና ዚንክ፣ ነሐስ ደግሞ መዳብና ቆርቆሮ ነው። በካሽሚርና በምዕራብ ቲቤት የጥንት ቀራጮች ናስን በጣም ይወዱ ነበር፤ ካሽሚሮች ዐይኑን በብር፣ ከንፈሩን በመዳብ ለብጠው የሠሯቸው ሥራዎች በዓለም የተደነቁ ናቸው። በኔፓል የካትማንዱ ሸለቆ የሚኖሩት የኔዋር ሕዝብ አንጥረኞች ግን ለወርቅ ቅብ ስለሚመች ንጹሕ የሚባለውን መዳብ ይመርጣሉ። በሜርኩሪ የሚደረገው የወርቅ ቅብ በናስ ላይ በተለይም እርሳስ ከተቀላቀለበት እንደ መዳብ አያምርም፤ ስለዚህ ናሱን እንዳለ ትተው ፊቱን ብቻ በሙጫ በተለወሰ የወርቅ ዱቄት ይቀቡታል።

አሠራሩ የቤተ ክርስቲያን መስቀሎቻችን በጥንት ጊዜ የተሠሩበት የሰም ዘዴ ነው። ምስሉ መጀመሪያ በንብ ሰም በዝርዝር ይቀረጻል፤ ከዚያም እበት በተቀላቀለበት ጭቃ ደጋግሞ ይለበጣል፤ ሲደርቅ በእሳት ይሞቅና ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ የቀለጠው ናስ በቦታው ይፈስሳል። ጭቃው ስለሚሰበር ያው ቅርጽ ሁለተኛ አይወጣም። ቀሪው ሥራ የመሮና የሞረድ ነው። ናስ ከመዳብ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ በቀጭኑ ጣትና በዘውዱ ጫፍ ሳይቀር ይገባል። ነገር ግን መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ዚንክ በ907 ዲግሪ ይተናል፤ ዝም ብሎ የሚቀላቅል ሰው ዚንኩን በነጭ ጭስ ያጣዋል፣ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል። የጥንቶቹ አንጥረኞች የዚንክ ማዕድን ድንጋይና ከሰል ከመዳብ ጋር በተከደነ ማቅለጫ ውስጥ በማሞቅ ይህን ይወጡት ነበር፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ናስ ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 በመቶ በላይ ዚንክ አይኖረውም። ስለዚህ ምስሉ በመሣሪያ ተመርምሮ ዚንኩ ከዚህ በጣም ከበለጠ የኋላ ዘመን ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ማጽዳቱ ግን እለምንዎታለሁ፣ እህቴ፣ ሎሚና አመድ አያስጠጉት። ሎሚው ናሱን ይበላዋል፤ አመዱ ደግሞ የቀራጩን ስስ መስመር ያጠፋዋል። ጥቁረቱ ናሱን የሚጠብቅ ገጽ ነው። በለስላሳና በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል።

ጠያቂ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት በማጉያ መነጽር ተመልክቼ በዘውዱ ላይ ያለው በእርግጥ ጉልላት እንጂ ሰው አለመሆኑን አረጋግጫለሁ። በግራ ትከሻው በኩልም በአበባ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ማሰሮ አለ። ግርጌው ግን በቀጭን የመዳብ ሰሌዳ ተዘግቷል፤ በሰሌዳው መካከል የመስቀለኛ ዓይነት ምልክት ተቀርጾበታል፤ ሳንቀሳቅሰውም ውስጡ ይንኳኳል። ልክፈተው ወይስ ልተወው?

የጁገል ነዋሪ፣ ሐረር

አይክፈቱት። ያ ምልክት ድርብ ቫጅራ ይባላል፤ ቫጅራ የመብረቅ ምሳሌ የሆነ የሥርዓት ዕቃ ሲሆን ሁለቱ ተሰቅለው ነው የሚቀረጹት፤ በቲቤት ሥርዓት ምስሉ ተጠናቆ ሲባረክ በውስጡ የጸሎት ጥቅልሎች፣ እህልና የተከበሩ ሰዎች ቅርሶች ይገቡበትና በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ይታሸጋል። ለእነርሱ ምስሉ ለአምልኮ የሚበቃው በዚህ ቡራኬ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ምስሎች ግርጌያቸው ተሰብሮ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ነው የሚገኙት፤ የእርስዎ ሳይነካ መቆየቱ ብርቅ ነው። ምርመራ ካስፈለገ በኤክስሬይ ሳይከፈት ውስጡን ማየት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ሰሌዳውን ከነምልክቱ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከየት እንደገዙት ጽፈው፣ ከእርጥበት በራቀ ቦታ ያስቀምጡት።